ጎረቤትነት በምን ይገኛል?

ሰው የሠፈር ባለቤት የሚሆነው ቀድሞ በመድረሱ ነውን? ወይስ ደግና ክፉውን ከጎረቤቱ ጋር አብሮ በማሳለፉ? ይህን ለመመርመር፥ በዋሽንግተን ከተማ ዳርቻ ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን እንመልከት።

በዚያች ሥፍራ በብዙ ቤቶች የሽያጭ ውል ላይ፥ ከቤት አገልጋይ በቀር ጥቁር ሰው እንዳይኖርበት የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም.፥ እንዲህ ያለውን ውል ዳኞች እንዳያስፈጽሙት ፈረደ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ፥ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፥ በቤት ሽያጭና ኪራይ ሰውን በዘሩ መለየት በሕግ ተከለከለ። ዛሬ በዚያው ሥፍራ ብዙ የአገራችን ልጆች ቤት ሠርተው፥ ልጅ አሳድገው ይኖራሉ። የገቡበትን በር የከፈተላቸው የሌሎች ድካም ነውና፥ ከኋላ ለሚመጣው እንግዳ ቢዘጉት ውለታን መካድ ይሆናል።

እኛስ በአገራችን? በከተሞቻችን ዳር በሚቆረቆሩት አዳዲስ ሠፈሮች፥ ዕቁብ አብሮን የሚጥለውን፥ ለቅሶ የሚደርሰንን ሰው፥ በአነጋገሩ ብቻ «መጤ» እያልን እንጠራው የለምን? ከእርሻው የተነሣው ገበሬ በእውነት ቅሬታ አለው፤ ነገር ግን ሙግቱ መሬቱን ከወሰደበት ጋር እንጂ፥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከሚያድረው ጋር ሊሆን አይገባም።

የመንግሥት ሕግ የቤትን በር ያስከፍታል፤ የልብን በር ግን ከውስጥ ሆኖ የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዛሬ ነባር የምንባል ሁሉ፥ አንድ ቀን ጓዛቸውን ተሸክመው የመጡ አባቶች ልጆች መሆናችንን አንርሳ።