የአይሁድ የምግብ ሥርዓትና አብሮ መብላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአገራችን እንግዳ ከቤት ገብቶ ምንም ሳይቀምስ ቢወጣ ነውር ነው። የቀረበለትን እምቢ ያለ ሰው ወይ ተቀይሞናል ወይ ንቆናል ብለን እንጠረጥራለን። እንግዲህ በሄደበት ሁሉ «አልበላም» ለማለት የሚገደድ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር እንዴት ይኖራል? የምግብ ሕጋቸውን የሚጠብቁ አይሁድ ይህ ጥያቄ በየዕለቱ ይገጥማቸዋል። እኛም ጿሚዎች ነንና ነገሩ አይመለከተንም ልንል አንችልም።

ለመብላት የተፈቀደውን ምግብ ኮሸር ይሉታል፤ ቃሉ «የተገባ» ማለት ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ፣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ እንዲበላ መታዘዙን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አንብበናል። እኛም እሪያ ስለማንበላ እስከዚህ ድረስ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን የሚከለክለው ትእዛዝ ግን በአይሁድ መምህራን ትርጓሜ ሰፍቶ ሥጋንና ወተትን ፈጽሞ የሚለይ ሥርዓት ሆኗል። ሕጉ በሚጠበቅበት ቤት ለሥጋ አንድ ድስት፣ ለወተት ሌላ ድስት አለ። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ለመቅመስ እንደየአገሩ ልማድ እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ጎረቤት ምስር ብቻ ቀቅላ ብታቀርብለት እንኳ ድስቱ ትናንት ምን ተሠርቶበት ነበር የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ብዙዎች ያልተቆረጠ ፍሬ በልተው፣ በብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ከጨዋታው ሳይለዩ ያመሻሉ።

ሕጉ እንዲለይ ታስቦበትም ነው። የታልሙድ መምህራን የአሕዛብን ወይን ጠጅ የከለከሉበትን ምክንያት ሲናገሩ ጋብቻን ይጠቅሳሉ፤ አብሮ መጠጣት መጋባትን፣ መጋባትም ጣዖትን ያመጣል ብለው ፈርተው ነበር። በየአገሩ ተበትኖ የኖረ ትንሽ ሕዝብ ያለዚህ አጥር ይቆይ ነበር ወይ? እኛ ያጠራጥረናል። አጥሩ ደግሞ በር አለው። በማያውቀው ከተማ ለሰንበት የደረሰ መንገደኛ ካገኘው ምግብ ቤት ሁሉ ገብቶ መብላት ስለማይችል ወደ ምኩራብ ይሄዳል፤ ከዚያም አይቶት የማያውቅ ሰው ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

ነገሩ አይሁድን ከአይሁድም አለያይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ ሂብሩ ዩኒየን ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹን ረቢዎች ባስመረቀ ጊዜ በግብዣው ላይ ሸርጣንና የእንቁራሪት እግር ቀረበ። (እሪያ ግን አልቀረበም!) አንዳንድ ረቢዎች ማዕዱን ትተው ወጡ። ክርክሩ ሌላም ሥር ነበረው፤ ቢሆንም በ1886 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሌላ የረቢዎች ትምህርት ቤት ሲመሠረት ይህ ግብዣ ገና አልተረሳም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእናት ማዕድ ነው። ሕጉ በማይጠበቅበት ቤት ያደገ ወጣት ኋላ ጥብቅ አማኝ ሲሆን ያደገበትን ድስት እምቢ ሊል ነው። አባትና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝም ከዚያው ኦሪት የወጣ ነውና ወዴት ይሂድ? ሥርዓቱ መንገድ አለው። የብረት ድስት በፈላ ውኃ ይነጻል፤ መጥበሻ በእሳት ይግላል። የሸክላ ዕቃ ግን በዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 እንደምናነበው ከመስበር በቀር መላ የለውም፤ የእኛ እናቶች ጓዳ ቢሆን ኖሮ ጭንቅ ነበር። አዲስ ድስት ገዝቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከእናቱ ጋር ጓዳ የሚገባ ልጅ አለ። ጓዳዋን ርኩስ ብሎ በሩን ዘግቶ የሚሄድም አለ። ይህ ሁለተኛው ሕግ ጠብቋል ለማለት እኛ ይከብደናል።

ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ያደረገውን እንመልከት። የንጉሡን መብል እንዳይበላ በልቡ ቢቆርጥም የተሾመበትን ሰው አልዘለፈም። ሰውየው በንጉሡ ፊት ስለ ገዛ ራሱ እንደሚፈራ ሰምቶ 10 ቀን ብቻ እንዲፈትኑአቸው ለመነ። ከእኛ መካከል በጾም ወራት ግብዣ ተጠርቶ፣ ባለቤቲቱ ደክማ ያቀረበችውን የፍስክ ወጥ በሰው ፊት ገፍቶ «እኔ ጾመኛ ነኝ» የሚል አለ። ይህንኑ ከሁለት ቀን በፊት ቢነግራት ኖሮ ሽሮ ለመሥራት ምን ያዳግታት ነበር?

የደጋሹንም ወገን እንይ። በአገራችን ሰርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚታረደውን በግ ወይም በሬ ነፍሱ ሳትወጣ ያስረክባቸዋል። በጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ጎረቤቶች ጋርም እንዲህ ያለ ልማድ ነበረ። እነርሱም በሃይማኖታቸው ባርከው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። የኛን ሥጋ ናቁት ብሎ የሚቀየም ደጋሽ የለም። እንዲያውም እንጨቱንና ቅቤውን ጨምሮ ይልክላቸዋል፤ ሙሽራውን ለመመረቅም ሁሉም በአንድ ዳስ ይቀመጣሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።