ማን ነሽ? የት ነሽ?

የሐረመይን ፈጣን ባቡር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዑምራና ሐጅ ተጓዦችን ከጅዳ ወደ መካ ያመላልሳል። ባቡሩ ሲከንፍ የተሳፋሪው ስልክ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከደሴ የሚደውል ዘመድ ግን በዚያው ቁጥር ያገኘዋል። ማንነቱ ያለው በሲም ካርዱ ላይ ነው፤ በየትኛው አካባቢ እንደሚገኝ የሚከታተለው ደግሞ የስልክ ኩባንያው መዝገብ ነው።

ኢንተርኔት ሲነደፍ እነዚህ ሁለት ነገሮች አልተለያዩም። የአይፒ አድራሻ መሣሪያው ከየትኛው ኔትወርክ ጋር እንደተያያዘ ለራውተሮች ይናገራል። በሌላው ጫፍ ያለው ኮምፒውተርም የሚያነጋግረውን የሚያውቀው በዚያው ቁጥር ነው። ተጓዡ የሆቴሉን ዋይፋይ ትቶ ወደ ሐረም ሲያመራ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ አድራሻውም ይለወጣል። ሰውየውም ስልኩም ያው ናቸው፤ በቀድሞው አድራሻ የተጀመረው የቲሲፒ ግንኙነት ግን አያውቃቸውም፣ ይቋረጣል።

በ2006 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡ የኢንተርኔት መሐንዲሶች፣ የራውተሮች ሰንጠረዥ ያለልክ እያበጠ መሄዱ አሳስቧቸው፣ አንድ አድራሻ ሁለት ሸክም መሸከሙን ከችግሩ ምንጮች አንዱ አድርገው ቆጠሩት። ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ በ2013 የታተመው ሊስፕ ነው፦ ለማንነት አንድ፣ ለሥፍራ ሌላ ቁጥር ይሰጥና ሁለቱን የሚያዛምድ መዝገብ ያቆማል። የሮበርት ሞስኮዊትዝ ኤችአይፒ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። መሣሪያው ማንነቱን የሚያገኘው ራሱ ከሚያመነጨው ቁልፍ ነው፤ ምስጢራዊው ቁልፍ በእጁ እስካለ ድረስ የትም ቢሄድ «እኔ ነኝ» ብሎ ማረጋገጥ ይችላል።

የፍልስፍናው ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማንነትን ከሥፍራ መለየት ብቻውን ነፃነት አይሆንም፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን መዝገብ ማን ይዞታል?

ጅዳ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሥጋ ለብሶ ይታያል። የኢትዮጵያዊቷ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋ፣ ከከፊሏ፣ ማለትም ስፖንሰር ከሆናት አሠሪዋ፣ ጋር የታሰረ ነው። በደል በዝቶባት ከቤቱ ብትወጣ አሠሪዋ «ሁሩብ»፣ ማለትም ከሥራ የጠፋች፣ ብሎ ሊያስመዘግባት ይችላል፤ ያን ጊዜ ለእስርና ለመባረር ትጋለጣለች። ስሟ፣ እምነቷ፣ ሙያዋ አልተነካም። የተለወጠው የምታድርበት ቤት ነው፤ በመንግሥት ዓይን ግን ሌላ ሰው ሆናለች። በ2013 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ከከፊላቸው ቤት ወጥተው የቆዩ በመካከላቸው ነበሩ።

ሰው ግን መሣሪያ አይደለም፤ የመጣበት ሥፍራ ከማንነቱ ጋር አብሮ ይኖራል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ቢላል ኢብን ረባህ እዚያው መካ እንደተወለደ ቢተረክም እስከ ዛሬ «አል-ሐበሺ» ይባላል፤ መካ በ630 ስትከፈት ከካዕባ ላይ አዛን ያሰማው ይህን ስም እንደያዘ ነው። ሐበሻነቱ ግን የአሠሪ ፈቃድ አልነበረም፤ በባርነት ሳለም ጌታው ሊሰርዘው የሚችል አልነበረም። ሰው የሚሸከመው ሥፍራና ሰውን የሚያስረው ሥፍራ የተለያዩ ናቸው።

ሳዑዲ ዓረቢያ በማርች 2021 ተግባራዊ ባደረገችው ማሻሻያ የግል ድርጅት ሠራተኞች፣ ሁኔታዎችን እስካሟሉ፣ ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ፈቅዳለች። የቤት ሠራተኞችን ግን አላካተተችም። የአዲስ አበባ ተደራዳሪዎች ከሪያድ ጋር ለሠራተኛ ስምምነት ሲቀመጡ ከደመወዙ አስቀድመው ሊያነሱት የሚገባው ይህ ነው፦ የሠራተኛዋ ኢቃማ ከአንድ ሰው ቤት ደጃፍ ይፈታ።