«ለምን ሥራ ነው?»

ኮምፒውተር ለመግዛት ወይም ዕቃ በዕቃ አሰባስቦ ለመገጣጠም ወደ ባለሙያ የሄደ ሰው፣ ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለምን ሥራ ነው?» ይባላል። ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እንደ ሰላምታ እንቆጥረዋለን። «ለሁሉም ይሁን» ብለን ቶሎ ወደ ዋጋው እንሻገራለን። በትንሽ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር መሥራት ለሚያስብ ወጣት ግን ከዚህ ጥያቄ የሚቀድም ነገር የለም። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ሐሰት ከሆነ የሚገዛው ዕቃ ይሳሳታል። ከዕቃው በላይ የሆነ አንድ ነገርም በቤት ውስጥ ይጎዳል።

አስቀድመን ስለ ዕቃው እንነጋገር። በእኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ማለት ለምደናል፤ ስሙ ግን በውስጡ ያለችው የአንዲት ትንሽ ዕቃ፣ የፕሮሰሰሩ፣ ነው። ከፕሮሰሰሩ ሌላ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ ወይም ሃርድ ዲስክና ፓወር ሰፕላይ አሉ። ጌም ለሚጫወት ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ይጨመራል። ገንዘቡ ውስን ሲሆን በአንዱ ላይ የምንጨምረው ብር ከሌላው ላይ የምንቀንሰው ነው። ጽሑፍ ለመጻፍና ፕሮግራሚንግ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ለብቻው የሚገዛ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም፤ ገንዘቡን በኤስኤስዲና በራም ላይ ቢያውለው ይጠቀማል። የመዘምራንን ቪዲዮ ለሚያቀናብር ፕሮሰሰሩና ራሙ ይቀድማሉ። ለጌም ግን ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስለዚህ «ለሁሉም» የሚለው መልስ ገንዘብ ለተረፈው ሰው ካልሆነ በቀር መልስ አይሆንም።

በቦንጋና በካፋ ዞን ወረዳዎች ላለ ወጣት ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ያስከፍላል። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመርካቶ ወይም ከመገናኛ ሱቆች ተገዝቶ በጅማ በኩል የመጣ ዕቃ አልገጥም ቢል፣ መልሶ መላኩ ሌላ ወጪ ነው። ዕቃዎቹ ሁሉ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የማንም ቁጠባ ግን በዚያው ፍጥነት አላደገም።

ስለዚህ አቅሙን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው መንገድ፣ በቢሮ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልክ አለው። የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ከ240 እስከ 300 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ደግሞ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም። እንግዲህ የሚመረጠው ካርድ በዚህ ልክ የሚሠራ መሆን አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ተጨማሪ ገመድ በማይፈልጉት ዓይነቶቻቸው ለዚህ ይሆናሉ። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነም ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ መፈለግ ግድ ነው። ሌላው መንገድ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ነው። እርሱን የመረጠ ሰው አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከሚገዛ ሁለት ባለ 8 ቢገዛ ይሻለዋል፤ ግራፊክሱ የሚሠራው ከራሙ እየተበደረ ስለሆነ ሁለት መንገድ ሲከፈትለት ይፈጥናል።

እስካሁን ያነበባችሁት ሁሉ «ለጌም ነው» ብሎ በግልጽ ለተናገረ ሰው የሚሆን ምክር ነው። አሁን ደግሞ ያንን መናገር ያልፈለገ ወጣት እናስብ። ገንዘቡ የአባቱ ነው። ስለዚህ «ለትምህርቴ ያስፈልገኛል» ይላል። አባት ልጁን አምኖ አንድ የሚያውቀውን መምህር ያማክራል። መምህሩም የተጠየቀውን ሰምቶ ለትምህርት የሚሆን፣ ባትሪው ረጅም ሰዓት የሚቆይ ላፕቶፕ ይመርጣል። ላፕቶፑ በደስታና በምርቃት ቤት ይገባል። ልጁ ግን የሚፈልገውን ጌም አይከፍትበትም፤ ግራፊክስ ካርድም አይጨመርበትም። አሁን ይህ ላፕቶፕ «ለትምህርት አይሆንም» የሚያሰኝ ሁለተኛ ምክንያት መፈለግ ሊኖርበት ነው። የመጀመሪያው ቃል የተሳሳተ ዕቃ አስገዛ፤ ዕቃው ደግሞ ሌላ የተሳሳተ ቃል ሊወልድ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በካፋ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ከቡናና ከማር የሚገኝ ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ተለቅሞ፣ ደርቆ መፈልፈል አለበት። የቡና ተክል ራሱ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ማሩም ቢሆን ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅልና ሌሊት የሚቆርጥ ሰው ይፈልጋል። ይህን ገንዘብ ያፈራ አባት ወይም ያፈራች እናት፣ ከተጠየቁት ነገር ጋር ሲመዝኑት የመጨረሻው ቃል የእነርሱ ነው። እውነቱን ሰምተው «አይሆንም» ሊሉ ይችላሉ፤ እውነቱን ሰምተው «ይሁን» ሊሉም ይችላሉ። «ለትምህርት ነው» ብሎ የሚዋሽ ልጅ ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚወስደው። እሺ ወይም እንቢ የማለት መብታቸውን ሳያውቁት ወስዶባቸዋል። እነርሱ ሰጠን ብለው የሚያስቡት ሌላ ነገር፣ እርሱ የተቀበለው ሌላ ነገር ነው።

«እውነቱን ብናገር እኮ አይሰጡኝም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ላይሰጡ ይችላሉ። ይህ ተቃውሞ ግን ለታላላቆችም የሚናገረው ነገር አለው። በአንዳንድ ቤትና በአንዳንድ ጉባኤ ጌም የሚለው ቃል ሲነሣ ብቻ ፊት የሚጠቁር ከሆነ፣ ወጣቱ ደስታውን በትምህርት ስም ሸፍኖ ማስገባት ይማራል። በቋንቋችን «ጨዋታ» የምንለው ቃል የልጆችን ሩጫም፣ ቡና እየተጠጣ የሚደረገውን የአዋቂዎች ወግም የሚይዝ ነው። ጎረቤት የሚሰበሰብበትን፣ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ ሰው የሚቆይበትን ነገር ነው አባቶቻችን ጨዋታ ያሉት። ስለዚህ ጨዋታ በራሱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ከማን ጋር፣ ለስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሥራ ፈንታ የሚለው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ተቆጥቶ ሳይሆን ተረጋግቶ የሚጠይቅ ታላቅ ያለው ወጣት እውነቱን ለመናገር ይቀለዋል። ታላቁ ባይረጋጋም ግን ወጣቱ እውነቱን የመናገር ግዴታው አይነሣለትም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ይናገራል። ሰውዬው ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ወጪውን ማስላት አለበት፤ አለዚያ መሠረቱን ጥሎ ሲያቆም የሚያዩት ይስቁበታል። ምሳሌው የተነገረው ጌታን ስለ መከተል ዋጋ ነው፤ ማንም የሚረዳው ምሳሌ የሆነው ግን ስሌቱ በየዕለቱ ሥራ ያለ ስለሆነ ነው። በእኛ ስሌት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፓወር ሰፕላዩ ነው። አይታይም፣ መብራት አያብለጨልጭም፣ ጌሙንም አያፈጥንም። ስለዚህ ብር ሲያንስ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ከእርሱ ነው። ላዩ ላይ 600 ዋት ተብሎ የተጻፈበት፣ በተግባር ግን ያንን የማይሰጥ ርካሽ ዕቃ ይገዛና፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከመጀመሪያው ስሌት ውስጥ መግባት አለባቸው።

ከዕቃው ውጪ ያለውም ይሰላ። 300 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ይህን የሚከፍል ሰው አለ። በዚሁ ልክ ዓመቱን ሙሉ ከተጫወታችሁ 1,460 ሰዓት ይሆናል። የጌሙም ዋጋ አለ። ለሳጥኑ ብዙ ሺህ ብር መድቦ ለጌሙ ምንም ያልመደበ ሰው፣ ሰዎች የደከሙበትን ሥራ ክራክ አድርጎ ለመውሰድ አስቀድሞ ወስኗል ማለት ነው። እንደ ዶታ 2 ያሉ በነጻ የሚሰጡ ጌሞች እያሉ ደግሞ ሌላ አማራጭ አጣሁ ማለት አይቻልም።

«ለምን ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ «ይበቃኛል» ማለትንም ያስተምራል። ያለን ስክሪን 1920 በ1080 የሆነና በሴኮንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ፣ 140 ምስል የሚያመርት ካርድ ብንገዛ የምናየው ያንኑ 60ውን ነው። ፎርኬ የሚባለው ስክሪን የዚህን 4 እጥፍ ነጥብ ስላለው ካርዱን በዚያው ልክ ያደክማል። ሻጩም፣ ጓደኛም፣ የራሳችንም ምኞት «ትንሽ ብትጨምርበት እኮ» ማለት አያቆሙም፤ ከእያንዳንዱ ካርድ በላይ ጥቂት የሚበልጥ ሌላ ካርድ ሁልጊዜ አለ። ዓላማውን የጻፈ ሰው ግን የሚቆምበትን ቦታ ያውቃል።

በመጨረሻ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ጥያቄው ወደ ሻጩ ይዞራል፤ «እስካሁንስ ለምን ሥራ ዋለ?» ማለት ተገቢ ነው። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲያበቃ፣ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ወደ ገበያ ወጥተዋል። ሁሉም የተበላሹ አልነበሩም፤ ገዢው ግን ታሪካቸውን የማወቅ መብት አለው። ካርዱን ጌም ከፍታችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሠርታችሁ፣ ሙቀቱንና ድምፁን አይታችሁ ውሰዱ። ነገ እናንተም ሻጭ ትሆናላችሁ። ዛሬ ከሻጩ የምትፈልጉትን እውነት ያን ቀን ለገዢያችሁ ሳትጠየቁ ንገሩት።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የዕቃ ዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ባዶ ወረቀት ውሰዱ። በራስጌው ላይ «ለምን ሥራ ነው?» ብላችሁ ጻፉና መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ፤ ለምሳሌ «ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ጌም ለመጫወት፣ በሌላው ቀን ፕሮግራሚንግ ለመማር»። ከሥሩ ዕቃዎቹን፣ ዋታቸውን፣ ዋጋቸውንና ከማን የሚገኝ ገንዘብ እንደሆነ በየተራ ጻፉ። ከዚያም ወረቀቱን እንዳለ፣ ራስጌውን ሳትቆርጡ፣ ገንዘቡን ለሚሰጣችሁ ሰው አሳዩት። እርሱም «ይህችኛዋ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አጠገቡ ተቀምጣችሁ አስረዱት።