የተራበ ሰው ስም

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1943 ቺታፕሮሳድ የተባለ የ28 ዓመት ሠዓሊ ወረቀትና ጥቁር ቀለም ይዞ በቤንጋል፣ በሚድናፖር አውራጃ፣ ከመንደር መንደር በእግሩ ይዞር ነበር። የብራህሚን ወገን መሆኑን የሚያሳብቀውን የቤተሰቡን መጠሪያ ትቶ በአንድ ስም ብቻ የሚጠራ ሰው ነው። ይህ የራሱን ስም ያሳጠረ ሰው በዚያ ጉዞው የሌሎችን ስም ሲሰበስብ ከረመ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት የተነሣው አውሎ ነፋስ የሚድናፖርን ማሳ አጥፍቶታል። በርማ በጃፓን እጅ በመውደቋ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቀርቷል። የእንግሊዝ አስተዳደርም «ጠላት እንዳይጠቀምበት» ብሎ በባሕሩ ዳርቻ ያለውን ትርፍ ሩዝና የገበሬውን ጀልባ ወስዷል። በቤንጋል ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቺታፕሮሳድ ያየውን «የተራበች ቤንጋል» ብሎ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ መንግሥት ሰብስቦ አቃጠለው። ከእሳቱ የተረፈ ቅጂ በቤተሰቡ እጅ ቆየ።

ለመሆኑ የሚሞት ሰው ፊት ተቀምጦ መሣል ይገባል? «ዓለም እንዲያይ ነው» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ ግን በጣም ይቀላል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። በንጉሡ መውረጃ ዋዜማ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አቀረበው። በ1977 ደግሞ የኮረም ምስል ዓለምን ዞረ፤ እርዳታም አመጣ፣ ነፍስም አዳነ። ይህ አይካድም። ያቺ ልጇን የታቀፈች እናት ግን ማን ነበረች? የማን ልጅ፣ የየት ቀበሌ? የብዙዎቹ ፊት ሲታወቅ ስማቸው አልታወቀም። በሌሎች ክርክር ውስጥ ማስረጃ ሆነው ቀሩ።

ቺታፕሮሳድ ከብዙዎቹ ሥዕሎቹ ጋር የሰውዬውን ስምና መንደር ጽፏል። ስም ለመጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለመጠየቅ ደግሞ አጠገብ መቀመጥ። የተጠየቀ ሰው ስሙን ብቻ ተናግሮ ዝም አይልም፤ መሬቱን ለማን እንደሸጠ፣ ሩዙ ወዴት እንደሄደ ያወራል። አጥንት ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ሐዘኔታ ያስነሣል፤ ስም ያለው ሥዕል ተጠያቂ ይፈልጋል። ያ መጽሐፍ ለአስተዳደሩ ያልተዋጠለት በዚህም ሳይሆን አይቀርም።

እርግጥ እሱም ከጥቅም ነጻ አልነበረም። የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር፤ ሥዕሎቹም በፓርቲው ጋዜጣ ይወጡ ነበር። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ። ረሃብ ገመና ነው። በአገር ቤት ጦሙን ያደረ ሰው ጎረቤት እንዳያውቅበት ባዶ ድስት ይጥዳል ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ስሙ ከነመንደሩ በመጽሐፍ ሲወጣ ተከበረ ወይስ ዳግመኛ ተራቆተ? ስሙን የሰጠ ሁሉ እስከ ዘመናት ድረስ «የተራበው እገሌ» ተብሎ ለመታወስ ፈቅዷል ማለት ያስቸግራል። ሥዕሉ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ ስም አልባው ፎቶግራፍ ግን ጥያቄውን እንኳ አያነሣውም።

ቺታፕሮሳድ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከፓርቲው ራቀ። ቦምቤይ ውስጥ በድህነት እየኖረ የሚሠሩ ሕፃናትን በሊኖሊየም ላይ ቀረጸ፤ ለሰፈር ልጆችም አሻንጉሊት ሠርቶ ትርኢት ያሳይ ነበር። በ1978 ሲሞት የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።