ለማናውቀው ሰው የሚጻፍ ምስክርነት

የሰው ልጅ ማንም በማያየው ቦታ፣ ማንም በማይመረምረው ጉዳይ፣ ማንን እንደሚጠቅም እንኳ በማያውቀው ነገር እውነት የመናገር ግዴታ አለበትን? ብዙዎቻችን ፈጥነን «አዎን» እንላለን። ይሁን እንጂ ይህ መልስ የሚፈተነው በአፍ ሳይሆን በሌሊት፣ በድካምና በብቸኝነት ነው። ለዚህ ፈተና ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በምርምር መርከብ ላይ ሆኖ የባሕሩን ሙቀትና የአየሩን ሁኔታ የሚመዘግብ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1872 መጨረሻ «ቻሌንጀር» የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ውቅያኖሶችን ለማጥናት ከፖርትስማውዝ ተነሣች። እስከ 1876 ድረስ 127,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። በ360 ያህል ቦታዎች ላይ እየቆመች ጥልቀት ትለካ፣ ከባሕሩ ወለል ጭቃ ታወጣ፣ ቴርሞሜትሮችን በገመድ እያወረደች የየጥልቀቱን ሙቀት ትመዘግብ ነበር። የአየሩም ሁኔታ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ይጻፍ ነበር። ሥራው እጅግ አሰልቺ ነበር፤ ገመዱን አውርዶ ማውጣቱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ በየወደቡ እየጠፉ ቀርተዋል። መዝገቡ ግን አልተቋረጠም።

በዚያን ጊዜ የውቅያኖስ መሞቅ የሚያሳስበው ሰው አልነበረም። ከዋና ጥያቄዎቻቸው አንዱ በጥልቁ ባሕር ውስጥ ሕይወት አለ ወይ የሚል ነበር። ከ135 ዓመታት በኋላ ግን ተመራማሪዎች ያንን አሮጌ መዝገብ ገልጠው፣ ዛሬ በየውቅያኖሱ እየሰመጡና እየተንሳፈፉ ከሚለኩት ከ3,000 በላይ «አርጎ» የተባሉ መሣሪያዎች ካገኙት ቁጥር ጋር አነጻጸሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የባሕሩ ገጽ በአማካይ በ0.59 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሞቋል። ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። አንድ የደከመው ሰው ቴርሞሜትሩን ሳያይ በግምት ቢጽፍ ስሕተቱ ከዚህ ሊበልጥ ይችል ነበር።

«ከብዙ ሺህ ቁጥሮች አንዷ ብትሳሳት ምን ትጎዳለች? በአማካዩ ውስጥ ትጠፋለች» የሚል ይኖር ይሆናል። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። በቅን ልብ ሲለካ የሚፈጠር ስሕተት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ስለሚሆን ብዙውን ጊዜ ይካካሳል። የስንፍና ስሕተት ግን አቅጣጫ አለው። ሰነፍ የሚጽፈው የቀድሞውን ቁጥር ወይም አለቃው የሚጠብቀውን ነው። ስለዚህ ሺህ ሰነፎች ሲደመሩ አንድ ትልቅ ውሸት ይወልዳሉ።

ታማኝነት ቁጥሩን በመጻፍ ብቻም አያበቃም፤ እንዴት እንደተገኘ መግለጽም የአማናው ክፍል ነው። ቀደም ሲል የባሕሩ ገጽ ሙቀት የሚለካው ውኃ በባልዲ እየተቀዳ ነበር። በሸራ ባልዲ የተቀዳ ውኃ እስኪለካ ድረስ በትነት ይቀዘቅዛል። ወደ ሞተር ክፍል ከሚገባው ውኃ የሚወሰደው ልኬት ደግሞ ሞቅ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብዛኛው ቁጥር የመጣው በሞተር ክፍል ከሚለኩ የአሜሪካ መርከቦች ነበር። በ1945 ሁለተኛ አጋማሽ በባልዲ የሚለኩ የእንግሊዝ መርከቦች ድርሻ በድንገት ጨመረ። በመዝገቡ ላይም ባሕሩ ባንድ ጊዜ የቀዘቀዘ መሰለ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 ተለይቶ ሊታወቅ የቻለው የለካው የየትኛው አገር መርከብ እንደሆነ ተጽፎ በመገኘቱ ነው። በመድረሳ ያለፈ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ የሐዲስ ሊቃውንት ቃሉን ብቻ ሳይሆን ማን ከማን እንደሰማው ጭምር የሚመረምሩት በተመሳሳይ ምክንያት ነውና።

ማዕበል በርትቶ መለካት ካልተቻለስ? ቦታውን ባዶ መተው ይገባል። ባዶ ቦታ አያሳፍርም፤ «እዚህ ላይ አላየሁም» የሚል እውነተኛ ምስክርነት ነው። በግምት የተሞላ ቦታ ግን እውነተኛ መስሎ ስለሚቀመጥ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያስጠረጥራል።

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህ የሩቅ ባሕር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይምሰልህ። አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም ዝናቧ ከባሕር ነው። ኤልኒኞ በሚባለው ክስተት የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው ሲሞቅ የክረምቱ ዝናባችን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲሁ ሆኖ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነዋል። እንዲህ ያለውን ምልክት አስቀድሞ ለማየት የሚያስችለው በመርከብ፣ በተንሳፋፊ መሣሪያና በሳተላይት የሚሰበሰበው ቁጥር ነው። የወሎ ገበሬና በፓስፊክ ላይ የሚመዘግበው ሰው አይተዋወቁም፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሐቅ በእጁ ይዟል።

እውነት የሚገባው ለሚያየን ሰው ብቻ ከሆነ ስሙ ፍርሃት እንጂ ታማኝነት አይደለም። እህል የሚመዝን፣ የሕሙማን መዝገብ የሚሞላ፣ የተማሪ ውጤት የሚጽፍ ሁሉ እንደዚያ መርከበኛ ነው። የጻፈውን ዛሬ ሰው ባያየው አላህ ያየዋል፤ ከሰውም ቢሆን ገና ያልተወለደ ሰው አንድ ቀን ሊያነበውና አምኖ ሊቆምበት ይችላል።