አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ፍጥረት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው ሥራና ጥበቃ እንደ ሰጠው ከኦሪት ዘፍጥረት (2፡15) ተምረናል። ሥራውንስ ይዘናል፤ እናርሳለን፣ እናጭዳለን፣ እንቆርጣለን። ጥበቃውስ የት ደረሰ?

ግሽ ዓባይን የማያውቅ ምእመን የለም። በዚያ በምንጩ አቅራቢያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. አንድ የውኃ አይጥ በወጥመድ ተያዘ። ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ በወንዝ ውስጥ እንዲዋኝ የተፈጠረ ነበር። በዓመቱ ኦስጉድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አልተገኘም። የወንዙ ዳር በግጦሽና በእርሻ ስለ ተራቆተ ምናልባት ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ይታሰባል።

«አይጥ ቢጠፋ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። ጌታችን ግን በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡ ድንቢጦች እንኳ በአምላክ ዘንድ እንዳልተረሱ አስተምሯል (ሉቃ. 12፡6)። ኖኅም ወደ መርከብ ሲያስገባ «ይኼ ይጠቅመኛል፣ ያ አይጠቅመኝም» ብሎ አልመረጠም።

እኛስ በመንዝ? አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ጠብቀው፣ ሣሩን ለዓመታት ከልለው፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ አለ።

እኔ ራሴ በልጅነቴ በግ ስጠብቅ ቀይ ቀበሮ ባየሁ ቁጥር በድንጋይ አባርረው ነበር። ጠላቴ መስሎኝ ነዋ! ዋና ምግቡ የደጋ አይጥና ፍልፈል መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ የቀረውም 500 ገደማ ነው። ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ የእኛው ውሻ የሚያጋባበት የእብደት በሽታ ነው። ድንጋዩን ባልወረውርም ውሻዬን ሳላስከትብ ብለቅ፣ ያው ወርዋሪ ነኝ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ውሻችንን እናስከትብ፤ ጓሳ በተከለለ ጊዜ ማጭድ አናንሣ፤ እረኛ ታናናሾቻችንን እናስተምር። ንስሐ የሚጠቅመው ጊዜ ሳያልፍ ነው። ለግሽ ዓባዩ ፍጥረት ምናልባት መሽቷል፤ ለጓሳው ግን ገና ቀን ነው። የጥበቃን ልብ አምላካችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።