ታማኝነት ከቀብር በፊት ወይስ ከቀብር በኋላ?

በዚህ ገጽ ላይ የሮክ ሙዚቃ ቡድን ስም ስታዩ «ጸሐፊውን ምን ነካው?» ማለታችሁ አይቀርም። በሙዚቃ ላይ ብይን ለመስጠት አልተነሳሁም፤ እርሱን ለዑለሞቻችን ትቼዋለሁ። ያስነሳኝ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ይኸውም «የሥራ ባልደረባችን ሲሞት በእኛ ላይ ያለው ሐቅ ምንድን ነው? ሥራውን ማቆም ነው ወይስ መቀጠል?» የሚል ነው።

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ቤቴ ረስቶት የሄደው መጽሐፍ ነው። ኤሲ ዲሲ የተባለውን ዝነኛ የአውስትራሊያ የሮክ ቡድን ታሪክ በፎቶግራፍ የሚተርክ ትልቅ መጽሐፍ ነው። «ይህ ልጅ ምን እያየ ነው የሚያድገው?» በሚል የአጎት ጥርጣሬ ከፈትኩት። የልጁን ጥፋት ፍለጋ የጀመርኩት ንባብ ግን ዞሮ እኔኑ ያዘኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1963 ከስኮትላንድ ከግላስጎው ከተማ ወደ አውስትራሊያ ከተሰደደ አንድ ቤተሰብ ነው። ከልጆቹ ሁለቱ፣ ማልኮምና አንገስ ያንግ፣ በ1973 ሲድኒ ውስጥ ቡድኑን መሠረቱ። በ1974 ቦን ስኮት የተባለ ድምፃዊ ተቀላቀላቸው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ፎቶግራፎች ላይ ዓይን የሚስበው እርሱ ነው፤ ይስቃል፣ ያስቃል። በብዙዎቹ ላይ ጠርሙስ ከእጁ አልተለየም።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980 ስኮት ለንደን ውስጥ ሲጠጣ ካመሸ በኋላ በቆመ መኪና ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። የሞቱም ምክንያት የአልኮል መመረዝ ነው ተባለ።

ገጹን ገለጥኩ። በሟቹ ቦታ፣ ማይክሮፎኑ ፊት፣ ኮፍያ ያደረገ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ብራያን ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ። ስኮት በሞተ በአምስት ወሩ፣ ጁላይ 25 ቀን 1980፣ ቡድኑ አዲስ አልበም ለገበያ አቀረበ። በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ለመሆንም በቃ። «ወይ ጉድ! ሰው እንደ መኪና ጎማ ይቀየራል እንዴ?» አልኩ።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር ትዝ ሲለኝ ንዴቴ ባሰ። የእንግሊዙ ሌድ ዜፕሊን ቡድን ከበሮ መቺ የነበረው ጆን ቦንሃም ሴፕቴምበር 25 ቀን 1980 ሞተ። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 40 መለኪያ የሚጠጋ ቮድካ ጠጥቶ ከተኛበት አልነቃም፤ 32 ዓመቱ ነበር። የቀሩት ሦስቱ ግን ሌላ ከበሮ መቺ አልፈለጉም። ዲሴምበር 4 ቀን 1980 ባወጡት መግለጫ ያለ እርሱ እንደማይቀጥሉ አስታወቁ። ከ27 ዓመታት በኋላ፣ በ2007፣ ለአንድ ምሽት ለንደን ላይ አንድ ሙሉ ዝግጅት ሲያቀርቡ ከበሮው ላይ የተቀመጠው የሟቹ ልጅ ነበር።

አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት መጠጥ፣ አንድ ዓይነት ሞት፤ መልሱ ግን ሁለት! «ታማኝ ማለት ያቆመው ነው» ብዬ ፈረድኩ።

ፍርዴ ግን ብዙ አልቆየም። ለካ ኤሲ ዲሲዎች እንዲቀጥሉ የገፋፏቸው የስኮት ወላጆች ራሳቸው ነበሩ! የአዲሱ አልበም ሽፋንም ለሐዘን ምልክት ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ተደርጎ ነው የታተመው፤ ሲከፈትም በደወል ድምፅ ይጀምራል። ልጃቸውን የቀበሩ እናትና አባት «ቀጥሉ» ካሉ፣ እኔ ማን ነኝና «አቁሙ» የምለው? የሞተ ሰው የጀመረውን ሥራ መቀጠል እርሱን ማክበር ሊሆን ይችላል። ማቆምም እንዲሁ። ሁለቱንም መንገድ ለገንዘብ ወይም ለክብር ብሎ የሚሄድባቸው አለ፤ ከልቡ አዝኖ የሚሄድባቸውም አለ። የእኛም ሸሪዓ ለሐዘን ገደብ ማበጀቱ ሕይወት እንዲቀጥል አይደለምን?

እንግዲህ ጥያቄው የተሳሳተ ይሆን? መጽሐፉን ወደ ኋላ መለስኩና እነዚያን የሳቅ ፎቶግራፎች እንደገና አየኋቸው። ጠርሙሱ በ1980 ድንገት የመጣ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ጀምሮ እዚያው አለ። ሰዎች ከበውታል፤ ይስቃሉ። በመጀመሪያ ሳየው ደስታ የመሰለኝ፣ መጨረሻውን ካወቅሁ በኋላ የምስክርነት ቃል ሆነብኝ። እርግጥ ፎቶግራፍ የምክርን ድምፅ አይቀዳም፤ ስለዚህ በእነዚያ ሰዎች ላይ አልፈርድም። በራሴ ላይ ግን ምስክር ነኝ።

ለአሥራ አንድ ዓመታት አብሮኝ የጨርቅ ሱቅ የሠራ ባልደረባ ነበረኝ፤ አላህ ይዘንለት። የስኳር በሽታ ነበረበት። እግሩ ሲደነዝዘው፣ ዓይኑ ሲደክመው አያለሁ። እርሱ ግን በሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ እየጠጣ ይቀልዳል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ሻዩን የምቀዳለትም እኔ ነበርኩ። ሲሞት ሱቁን ዘጋን፤ ጀናዛውን ተሸከምን፤ በኋላም ሱቁን በስሙ ጠርተን ከፈትን። «እንዲህ ነው ወንድምነት!» ተባልኩ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ምክንያቱም በሕይወት ሳለ ልነግረው ይገባኝ የነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «አንተ ሄደህ ታከም፤ ቦታህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።» አላልኩትም። ገበያ ነበር፤ ኢድ ደርሶ ነበር፤ እርሱ ከሌለ ሽያጩ ይቀንስ ነበር።

«ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ? በግድ ይታከም ኖሯል?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ማስገደድ አልችልም ነበር። ነሲሓ ግን ማስገደድ አይደለም። ከእኔ የሚጠበቀው መናገርና መንገዱን ማቅለል ነበር፤ የቀረው የእርሱና የጌታው ጉዳይ ነው።

ይህን ሳሰላስል ከመጽሐፉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ፣ ብዙዎች ግን የማያስታውሱት ክስተት በ1988 የሆነው ነው እላለሁ። በዚያ ዓመት የቡድኑ መሥራች ማልኮም ራሱ የመጠጥ ሱሰኛ ሆኖ ነበር። ሱሱን ለመተው ሲል ከአሜሪካው ጉዞ ተለየ። ቡድኑ ጉዞውን አላቋረጠም፤ የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ያንግ ተተክቶ ተጫወተ። ማልኮም መጠጡን ትቶ ሲመለስ ቦታው ጠበቀው። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመታት ያህል ሠራ። በ2014 የመርሳት በሽታ ሥራውን ሲያስተወው የተካው ያው የወንድሙ ልጅ ነበር። በ2017 አረፈ።

«ሰው እንደ ጎማ ይቀየራል እንዴ?» ብዬ የተቆጣሁበት መተካት እዚህ ላይ መልኩን ቀየረብኝ። የሞተን ሰው ቦታ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው እንዳይሞት ቦታውን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሲያከራክር ይኖራል። ሁለተኛው ላይ ግን የሚከራከር ሰው አላየሁም፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

ውድ አንባቢያን! ከጎናችሁ የሚሠራውን ሰው እስቲ ዛሬ ቀና ብላችሁ እዩት። በሽታውን በቀልድ የሚሸፍን፣ ሱሱን በሳቅ የሚደብቅ፣ ድካሙን «ደህና ነኝ» በሚል ቃል የሚያልፍ የለም? ለቀብሩ የምንዘጋውን ሱቅ ለሕክምናው ብንዘጋለት ምን ይጎድልብናል?

መጽሐፉን ለእህቴ ልጅ መልሼለታለሁ። አልተቆጣሁትም። ስኮት የሚስቅበትን አንድ ፎቶግራፍ አሳየሁትና «ከዚህ ሰው አጠገብ ብትሆን ኖሮ ምን ትለው ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እኔም አላጣደፍኩትም።

ወላሁ አዕለም።